ዶኖቫን የሙሶሊኒ ወኪል አልነበረም፤ ጥፋቱ ሌላ ነው

አያቴ በ1928 ዓ.ም. ከሰላሌ ተነስተው ከራስ ካሳ ጦር ጋር ተንቤን ዘምተዋል። ግራ ክንዳቸው ላይ ከክርናቸው እስከ አንጓቸው የሚወርድ ጠባሳ ነበራቸው። ቆዳው እንደ ተላጠ ድንች ያብለጨልጫል። ፀጉር አያበቅልም። ልጅ ሆኜ በጣቴ ስነካው «ዝናብ መስሎን ነበር» ይሉኝ ነበር። ከዚያ በላይ አያወሩም።

ይህን ያስቀደምኩት ጸሐፊው የተቆጡበት ነገር እኔንም እንደሚያቆጣኝ እንዲታወቅልኝ ነው። ሰሞኑን ስለ አሜሪካዊው የጦር መኮንንና ጠበቃ ዊልያም ዶኖቫን የጻፉትን አንብቤዋለሁ። ሁለት ጊዜ ነው ያነበብኩት። ጽሑፉ ባጭሩ እንዲህ ይላል። ዶኖቫን የአሜሪካን ከፍተኛ የጀግንነት ሜዳይ ያገኘው በፖለቲካ ዘመድ ነው። ጠበቃነቱ ለስም ነበር። በ1935 መጨረሻ የሙሶሊኒ ወኪል ሆኖ ወደ ጦር ግንባራችን መጣ፤ በሱ ሪፖርት ምክንያት አሜሪካ መሣሪያ ከለከለችን። በኋላ ሲአይኤን መሥርቶ እስኪሞት መራው። የናዚ መሪዎች በተዳኙበት በኑረምበርግ ችሎት ደግሞ የሂትለር ቀኝ እጅ የነበረውን ጎሪንግን ሊያስመልጥ ሲል ተባረረ።

እኔ በጥብቅና ሙያ እንጀራዬን የምበላ ሰው ነኝ። ክስ እንዴት እንደሚበላሽ አውቃለሁ። በእርግጥ ያጠፋ ሰው በተሳሳተ ክስ ሲከሰስ፣ ነፃ ወጥቶ ይሄዳል። የጽሑፉም ችግር ይሄ ነው። ዶኖቫን ለኢትዮጵያ የሚመልሰው ነገር አለ፤ ግን ጸሐፊው የከሰሱት ባልሠራው ነው። በየተራ ልሂድበት። «ዓ.ም.» ያልኩት የኛ አቆጣጠር ነው፤ ሌላው በሙሉ የፈረንጅ ነው።

ከሜዳዩ ልጀምር። ዶኖቫን በ1883 በኒውዮርክ ግዛት ቡፋሎ ከተማ ተወለደ። ቤተሰቡ ከአየርላንድ የመጡ ካቶሊኮች ናቸው። አባቱ የባቡር ሠራተኛ ነበር። በዚያ ዘመን አሜሪካ ውስጥ የአየርላንድ ካቶሊክ መሆን ዘመድ የሚያፈራ ነገር አይደለም፤ በር የሚያዘጋ እንጂ። በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት የተመደበውም የኒውዮርክ አይሪሾች በሞሉበት በ165ኛው እግረኛ ክፍለ ጦር ነው። ሐምሌ 1918 ፈረንሳይ ውስጥ ኡርክ በተባለ ወንዝ አጠገብ ሻለቃውን እየመራ ሲዋጋ፣ ረዳቱ የነበረው መኮንን አጠገቡ ተገደለ። በማግስቱ የዚያን ሰው ቦታ የያዘው ገጣሚው ጆይስ ኪልመር ነበር። እሱም በዚያው ቀን ተገደለ። ለኡርኩ ውጊያ ዶኖቫን ሁለተኛውን ከፍተኛ ሜዳይ፣ የላቀ አገልግሎት መስቀልን አገኘ።

ዋናው ሜዳይ የመጣው ከጥቅምት 14 እና 15፣ 1918ቱ ውጊያ ነው፤ ላንድር ኤ ሳን ዦርዥ በተባለች መንደር አካባቢ። ጀርመኖች በሽቦና በመትረየስ ምሽግ አጥረው ነበር። ዶኖቫን የመጀመሪያውን ማዕበል ራሱ መራ። ከሞት የተረፉትን እየሰበሰበ፣ የተበተነውን መቶ እንደገና እያደራጀ፣ በግልጽ ሜዳ ላይ እየተመላለሰ አዋጋ። እግሩን በመትረየስ ተመታ። ወደ ኋላ ውሰዱኝ አላለም። መሄድ እንዳቃተው ሰዓታት ቆየ፤ ክፍሉ ወደተሻለ ቦታ እስኪያፈገፍግ ድረስ።

ጸሐፊው የሚይዙት አንድ ክር አለ። ሜዳዩ የተሰጠው በ1922 መጨረሻ ነው፤ በዚያው ዓመት ደግሞ ዶኖቫን ለግዛቱ ምክትል አገረ ገዥነት ተወዳድሮ ነበር። ጥያቄው ይገባኛል። ግን ምርጫውን ተሸንፏል፤ ሜዳዩ የመጣው ከሽንፈቱ በኋላ ነው። ለተሸነፈ ሰው በዘመድ ሜዳይ የሚሰጥ የለም። ጸሐፊው በእውነት ሊወቅሱት ከፈለጉ ሌላ መንገድ ነበራቸው። ያ ጥቃት አልተሳካም። ብዙ ሰው አልቆበታል፤ የክፍለ ጦሩም የብርጌዱም አዛዦች ተሽረዋል። ያን ያህል ሰው ያለቀበት ጥቃት መታዘዝ ነበረበት ወይ ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። ሰውየው ራሱ ሜዳዩን ቤቱ አላስቀመጠውም። ለክፍለ ጦሩ ነው የሰጠው።

ወደ ሁለተኛው ነጥብ። «ጠበቃነቱ ለስም ነበር፤ የስለላ ሽፋን ነው» የሚለው በጣም ያሳዘነኝ ዓረፍተ ነገር ነው። ስለ ሙያዬ ስለሆነ ትንሽ ብቆይበት ይቅርታ ይደረግልኝ።

ዶኖቫን ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ሕግ ሲማር ፍራንክሊን ሩዝቬልት የክፍል ጓደኛው ነበር። ከጦርነቱ ሲመለስ፣ በ1922፣ ለምዕራብ ኒውዮርክ የፌዴራል ዐቃቤ ሕግ ሆኖ ተሾመ። ጊዜው አልኮል መሸጥ በሕግ የተከለከለበት ነው። ድሃው ሲያዝ ሀብታሙ በክለቡ ውስጥ በሰላም ይጠጣል። ቡፋሎ ውስጥ ሳተርን የሚባል የባለጸጎች ክለብ ነበር። ዶኖቫን ራሱ አባል ነው። ሚስቱ ሩት ራምዚም ከዚያው ከከተማው ባለጸጎች ቤት የመጣች ናት። ነሐሴ 1923 ክለቡን አስፈተሸው። መጠጡ ተያዘ፣ አባላቱ ተከሰሱ። የከተማው ትልልቅ ሰዎች ፊት ነሱት። የጥብቅና ቢሮ ሸሪኩ ሳይቀር ተለየው። ቅዳሜ ማታ አብረውት የሚቀመጡትን ሰዎች ሰኞ የከሰሰ ዐቃቤ ሕግ ስንት አይተናል?

ከዚያ ወደ ዋሽንግተን ሄደ። በፍትሕ ሚኒስቴር የንግድ ውድድርን የሚያፍኑ ኩባንያዎችን የሚከስሰውን ክፍል መራ። በ1927 በጠቅላይ ፍርድ ቤት የተከራከረበት የትሬንተን ሸክላ ፋብሪካዎች መዝገብ ዛሬም የሕግ ተማሪ ያነብበዋል። ነገሩ ስለ መታጠቢያ ቤትና ስለ ሽንት ቤት ዕቃ ነው። ከአገሪቱ ምርት 82 በመቶውን የያዙ ፋብሪካዎች ተስማምተው አንድ ዋጋ ቆረጡ። መከላከያቸው «ዋጋችን ተመጣጣኝ ነው» የሚል ነበር። ፍርድ ቤቱ አልተቀበለም። ዋጋው ተመጣጣኝ ሆነ አልሆነ፣ ተስማምቶ መቁረጡ ራሱ ወንጀል ነው አለ። ዶኖቫን ረታ።

ታዲያ በ1929 ከመንግሥት ወጥቶ ዎል ስትሪት ላይ የራሱን ቢሮ ከፈተ። አሁን ደግሞ ለኩባንያዎቹ መቆም ጀመረ። ትልልቆቹ የነዳጅ ኩባንያዎች ዋጋ ተስማምተው ከፍ አደረጉ ተብለው ሲከሰሱ ጠበቃቸው ሆኖ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሄደ። በ1940 ተሸነፈ። ፍርድ ቤቱ የፈረደበት በምንድን ነው? በትሬንተን። ራሱ በ1927 ያስፈረደውን ውሳኔ ጠቅሶ ነው የፈረደበት። ጸሐፊው ዶኖቫን ለገንዘብ ወገን ቀይሯል ብለው ቢወቅሱት ኖሮ ቢያንስ የምንወያይበት ነገር ይኖር ነበር። ለስም ጠበቃ ነበር ማለት ግን አይቻልም።

አንድ መዝገብ ልጨምር። ፕሬዝዳንት ሩዝቬልት የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን አባል የነበረውን ዊልያም ሃምፍሪን በፖለቲካ አቋሙ ምክንያት አሰናበተው። ሃምፍሪ ብዙ ሳይቆይ ሞተ። የውርሱ አስፈጻሚ ያልተከፈለ ደመወዙን ሊያስመልስ ከሰሰ። በጠቅላይ ፍርድ ቤት የቆመለት ዶኖቫን ነው። ግንቦት 27፣ 1935 ዳኞቹ በሙሉ ድምፅ ለሟቹ ወገን ፈረዱ። ፕሬዝዳንት እንዲህ ያለውን ሹመኛ እንደፈለገው ማባረር አይችልም ተባለ። የሞተ ሰው ደመወዝ ይዞ፣ በሥልጣን ላይ ያለውን የቀድሞ የክፍል ጓደኛውን ረታ። ቀኑን ልብ በሉልኝ። ሮም የሄደው ከዚህ ከስድስት ወር ገደማ በኋላ ነው።

አሁን ወደ ኢትዮጵያ ልምጣ።

እውነቱ ይሄ ነው። በ1935 መጨረሻ ዶኖቫን ሮም ሄዶ ሙሶሊኒን አገኘ፤ ፓላዞ ቬኔትሲያ በሚባለው ቢሮው። ግንባሩን ለማየት ፈቃድ አገኘ። በኤርትራ በኩል አድርጎ ከማርሻል ባዶሊዮ ጦር ጋር ሰሜኑን ግንባር ጎበኘ። ወደ አገሩ ተመልሶ ለጦር ሚኒስቴሩ ሪፖርት አቀረበ። የጣልያን ጦር በደንብ ተዘጋጅቷል፣ ያሸንፋል አለ። በዚያን ጊዜ አውሮፓ ውስጥ ብዙዎቹ የጦር አዋቂዎች ጣልያን በኢትዮጵያ ተራሮች ላይ ዓመታት ትፈጃለች ብለው ይገምቱ ነበር። ባዶሊዮ ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ።

ከዚህ ተነስተው ጸሐፊው ሁለት ነገር ይላሉ። አንደኛ፣ አሜሪካ መሣሪያ የከለከለችን በዶኖቫን ሪፖርት ነው። ይሄ በቀን ብቻ ይፈርሳል። የአሜሪካ ምክር ቤት ለሚዋጉ አገሮች መሣሪያ እንዳይሸጥ የሚያግደውን የገለልተኝነት ሕግ ያወጣው ነሐሴ 1935 ነው። ጣልያን መረብን የተሻገረችው ጥቅምት 3 ነው። ሩዝቬልት ለሁለቱም ወገን መሣሪያ እንዳይሸጥ ያወጀው ጥቅምት 5 ነው። ዶኖቫን ገና ኒውዮርክ ቢሮው ተቀምጦ ነበር። ያ እገዳ በደል ነው፤ እስማማለሁ። ፋብሪካ ያላትንና ፋብሪካ የሌላትን አገር እኩል መከልከል እኩልነት አይደለም። ግን በደሉ የዋሽንግተን ነው። ዶኖቫን ገና ላልጻፈው ሪፖርት ይጠየቅ?

ሁለተኛ፣ የሙሶሊኒ ወኪል ነበር ይላሉ። እስቲ አስቡት። ሙሶሊኒ ለምን ፈቀደለት? ታዋቂ አሜሪካዊ ጀግና መጥቶ ጦሬን ያድንቅልኝ ብሎ ነው። ሰውየው ደግሞ ገብቶ መንገዱን፣ ስንቁን፣ የወታደሩን አያያዝ አይቶ ለራሱ አገር ጦር ጻፈ። ይሄ ስለላ ከሆነ የሰለለው ጣልያንን ነው። አሜሪካም ብትሆን የጣልያንን ወረራ እንደ ሕጋዊ ግዛት ዕውቅና ሰጥታ አታውቅም።

እስከዚህ ለዶኖቫን ጠበቃ ሆንኩለት። ከዚህ በኋላ ግን ከሳሹ ነኝ።

ዶኖቫን በፍርድ ቤት የኖረ ሰው ነው። አንዱን ወገን ብቻ ሰምቶ የሚፈርድ ዳኛ ቢያጋጥመው ይግባኝ ይላል። እሱ ራሱ ግን የሰማው አንዱን ወገን ብቻ ነው። ያየው ባዶሊዮ ያሳየውን ነው። በዚያ ሰሞን ንጉሠ ነገሥቱ ደሴ ነበሩ። ታኅሣሥ 6፣ 1935 የጣልያን አውሮፕላኖች ደሴን ደበደቡ። ቦምቡ ካረፈባቸው ቦታዎች አንዱ አሜሪካውያን አድቬንቲስቶች የሚሠሩበት ሆስፒታል ነው። የገዛ አገሩ ሰዎች! የውጭ ጋዜጠኞችም ደሴ ነበሩ፤ አይተው ጽፈዋል። በታኅሣሥ አጋማሽ የራስ ዕምሩ ጦር ተከዜን ተሻግሮ ደምበጉና ላይ የጣልያንን ታንኮች ማረከ። ከሳምንት በኋላ እዚያው ተከዜ ላይ ከአውሮፕላን በርሜል ይወርድ ጀመር። ውስጡ ቆዳ የሚልጥ ፈሳሽ ነበር። የሰናፍጭ ጋዝ የሚሉት ነው። ከዚያ ተንቤን።

አንድ ጦር ያሸንፋል ብሎ መጻፍ አንድ ነገር ነው። በምን እንደሚያሸንፍ ማየት ደግሞ ሌላ ነው። ዶኖቫን በግምቱ ትክክል ነበር። ግን ከምሽጉ ማዶ ያለውን ሕዝብ ሄዶ አላናገረም። ምስክር ሳይጠራ መዝገብ የዘጋ ሰው ነው። ጸሐፊው ይህን ቢጽፉ ኖሮ ፊርማዬን ከሥር አኖርበት ነበር።

ከአምስት ዓመት በኋላ ደግሞ ታሪኩ ይገለበጣል። በ1940 በጋ ሩዝቬልት ወደ ለንደን ላከው፤ እንግሊዝ ትቋቋማለች ብሎ ተመለሰ። የአሜሪካው አምባሳደር ጆሴፍ ኬኔዲ በተቃራኒው ያልቅላታል ይል ነበር። በ1941 መጀመሪያ ዶኖቫን ካይሮ ገብቶ ከእንግሊዙ ጄኔራል ዌቭል ጋር ተቀመጠ። ያ ዌቭል የምሥራቅ አፍሪካውን ዘመቻም የሚያዝ ሰው ነው። በዚያው ወር፣ ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም.፣ ንጉሠ ነገሥቱ በሱዳን ድንበር ኦሜድላ ላይ ሰንደቅ ዓላማቸውን ተከሉ። የሙሶሊኒ ወኪል የተባለው ሰው በዚያ ወር ከሙሶሊኒ ጠላቶች ጋር ካርታ እያየ ነበር።

የሲአይኤውን ነገር ባጭሩ ልለፈው። ዶኖቫን የመሠረተው ኦኤስኤስ የሚባለውን የጦርነት ጊዜ የስለላ መሥሪያ ቤት ነው፤ ሰኔ 1942። ፕሬዝዳንት ትሩማን መስከረም 20፣ 1945 በአንድ ትእዛዝ ዘጋው። ዶኖቫን ሥራ ፈትቶ ወደ ጥብቅናው ተመለሰ። ሲአይኤ የተቋቋመው በ1947 ነው፤ ዶኖቫን አንድም ቀን አልመራውም። ሐውልቱ ሲአይኤ ግቢ ውስጥ መቆሙ እውነት ነው፤ እንደ አባት ስለሚቆጥሩት ነው። ከዚያ በኋላ የያዘው የመንግሥት ሹመት በ1953 እና 54 በታይላንድ አምባሳደርነት ነው። በ1959 ሞተ። ሳልረሳው ልበል፦ በኦኤስኤስ ውስጥ የአፍሪካን ጉዳይ ሲያጠና የነበረው ጥቁር አሜሪካዊው ምሁር ራልፍ ባንች ነው። በኋላ በተባበሩት መንግሥታት ሠርቶ በ1950 የኖቤል የሰላም ሽልማት አገኘ።

የቀረው ኑረምበርግ ነው።

ዳኛ ሮበርት ጃክሰን የአሜሪካ ዋና ዐቃቤ ሕግ ሆኖ ሲሾም ዶኖቫን ሰዎቹን ይዞ ገባለት። ማስረጃ የሰበሰቡለት፣ የችሎቱን አዳራሽ የነደፉለት ሳይቀሩ የኦኤስኤስ ሰዎች ናቸው። ሁለቱ የተጣሉት ጎሪንግን በማስመለጥ ላይ አይደለም። የተጣሉት እኛ ጠበቆች በየቀኑ በምንከራከርበት ነገር ነው፤ የሰነድ ማስረጃ ወይስ የሰው ማስረጃ? ጃክሰን ናዚዎች ራሳቸው የፈረሙት ወረቀት ይበቃል አለ። ወረቀት አይዋሽም፣ በመስቀለኛ ጥያቄም አይደናገርም። ዶኖቫን ደግሞ ሰው ይምጣ አለ። ጀርመኖች ራሳቸው ቆመው ይመስክሩ፣ ጎሪንግም ቢሆን በሌሎቹ ላይ ይናገር ብሎ ነበር ያነጋገረው። ጃክሰን ከጎሪንግ ጋር ምንም ድርድር አልፈልግም አለ። ችሎቱ ኅዳር 20፣ 1945 ተከፈተ። ወሩ ሳያልቅ ዶኖቫን ለቆ ሄደ። ጎሪንግ በሞት ተፈርዶበት ራሱን በመርዝ ገደለ።

እኔ በዚህ ክርክር ውስጥ ጃክሰን ትክክል ነበር ብዬ አስባለሁ። የሰነድ ማስረጃው ባይኖር ዛሬ የሚክደው ሰው ይበዛ ነበር። ግን ዶኖቫን ሰው ይመስክር ማለቱ አይቀልብኝም። እንዲያውም የሚያናድደኝ እዚህ ላይ ነው። በ1945 ምስክር ይምጣ ብሎ ጃክሰንን የተጣላው ሰው፣ በ1935 ደሴ ድረስ ሄዶ አንድ ኢትዮጵያዊ ምስክር አልጠየቀም።

ጸሐፊው ጽሑፋቸውን ሲያርሙ አንድ አንቀጽ እንዲጨምሩ እለምናለሁ። ዶኖቫንን በግንባሩ ያስተናገደው ባዶሊዮ ምን ሆነ? በ1943 ሙሶሊኒ ሲወድቅ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነ፤ ከእንግሊዝና ከአሜሪካ ጋር ታረቀ። በ1948 ኢትዮጵያ የአሥር ጣልያኖችን ስም ለተባበሩት መንግሥታት የጦር ወንጀል ኮሚሽን አቀረበች። ባዶሊዮም ግራዚያኒም አሉበት። ኮሚሽኑ የሚያስከስስ ነገር አለ አለ። አንዳቸውም በኢትዮጵያ ላይ ለሠሩት ችሎት ፊት አልቆሙም። ግራዚያኒ የተፈረደበት በገዛ አገሩ ነው፤ ያውም ከናዚዎች ጋር በመተባበሩ። 19 ዓመት ተፈርዶበት በወራት ተፈታ። ባዶሊዮ በ1956 በተወለደባት መንደር አረፈ። መንደሯ ስሟ ዛሬም ግራትሳኖ ባዶሊዮ ነው።

አያቴ የሞቱት እኔ የሕግ ትምህርት ልጀምር ስል ነው። የሚመሰክሩት ነበራቸው። ማንም መጥቶ ክንድዎን ያሳዩኝ አላላቸውም።